ማሳ ቁጥር ዜሮ ስምንት

አንዷለም ኮምፒውተሩ ላይ የማሳውን ገጽ ለአራተኛ ጊዜ ከፈተው፤ ለአራተኛ ጊዜም ያው መጣ። ብሎክ አሥራ ሁለት፣ ባለይዞታ፦ የወል መሬት። ጉልበቱ ላይ የዘረጋው የመስክ መዝገብ ግን ሌላ ነው የሚለው። በሰማያዊ እስክሪብቶ ማሳ ቁጥር 08፣ ባለይዞታ ወይዘሮ በለጠች ላቀው ተብሎ ተጽፎ፣ ከሥሩ አምስት የቀበሌው ኮሚቴ አባላት አሻራቸውን አሳርፈውበታል። ከወረቀቱና ከኮምፒውተሩ አንዱ ተሳስቷል፤ አንዷለም ደግሞ የተሳሳተው ወረቀቱ ቢሆን በወደደ ነበር።

ጠረጴዛው ላይ ፍኖተ ሰላም ካለው ፍርድ ቤት የመጣ ደብዳቤ አለ። የዚህ ማሳ ባለይዞታ ማን እንደሆነ የመሬት ጽሕፈት ቤቱ አረጋግጦ እስከ ዛሬ ከሰዓት በኋላ እንዲያሳውቅ ያዝዛል። ክንዱ የተባለው የበለጠች ልጅ ከሰኔ ወር ጀምሮ እስር ቤት ነው። የወል መሬት ወሮ አረሰ፣ መሬቱን የተረከቡትን የተደራጁ ወጣቶች በገጀራ አስፈራርቶ አባረረ ነው ክሱ። መሬቱ የእናቱ ከሆነ ክንዱ የገዛ ቤቱን ማሳ ነው ያረሰው፤ የወል ከሆነ ግን ዛሬ ይፈረድበታል። ማስረጃ የለውም። የእናቱ አረንጓዴ የይዞታ ደብተር በአዲስ ካርታ ይተካል ተብሎ ባለፈው ዓመት ተሰብስቧል፤ አዲሱ ካርታ ደግሞ እስካሁን አልመጣም።

በለጠች በረንዳው ላይ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። ከሾላ ምንጭ ቀበሌ ሦስት ሰዓት በእግር ተጉዘው፣ ጽሕፈት ቤቱ ሳይከፈት ነው የደረሱት። ከጎናቸው አንድ ሽማግሌ አሉ፤ ወሰንተኛዋ ነኝ፣ ካስፈለገ እመሰክራለሁ ብለው አብረው የመጡ። አንዷለም ጠዋት ሲያልፍ ሁለቱም ከመቀመጫቸው ተነሥተው ሰላም ብለውታል።

ጽሕፈት ቤቱ ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም በሚወስደው መንገድ ዳር ባለች ትንሽ ከተማ ነው። ስድስት ኮምፒውተሮች አሉት፤ ሁሉንም አንድ ፕሮጀክት ሲዘጋ ትቷቸው ነው የሄደው። ስክሪናቸው ከኋላው የተነፋ ሆዳም፣ ድምፃቸው የወፍጮ፣ ገጽ የሚከፍቱበት ብሮውዘራቸውም የሠራው ኩባንያ ራሱ ከረሳው የቆየ። የመሬት ምዝገባ ሲስተሙን የሠሩት የአዲስ አበባ ልጆች በአዲስ ላፕቶፕ ስለሠሩት፣ እዚህ ሲከፈት ነጭ ገጽ ብቻ ነበር የሚያሳየው። ያኔ አንዷለም ከጢስ ዓባይ መጥቶ በኮምፒውተር ባለሙያነት ከተቀጠረ አራት ወሩ ነበር። ሦስት ቀን ሲፈልግ ሰንብቶ፣ አንድ የማያውቀው ሰው ለአሮጌ ብሮውዘር ብሎ የጻፈውን የጃቫስክሪፕት ፕሮግራም መጠገኛ ከፕሮግራመሮች መወያያ ገጽ ላይ ገልብጦ፣ ሲስተሙ ከሚጠቀምበት ላይብረሪ፣ ማለትም ዝግጁ የፕሮግራም ጥቅል ውስጥ ሰካው። ነጩ ገጽ ፎርም ሆነ። ኃላፊው አቶ እጅጉ በስብሰባ ላይ ስሙን ጠርተው አስጨበጨቡለት፤ እሱም ያን ጭብጨባ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲያጣጥመው ኖረ። መጠገኛውን ግን መስመር በመስመር አንብቦት አያውቅም።

ያነበበው ዛሬ ነው። ሰው ልጠይቅ ቢል የሚጠይቅበት የለም፤ ጊዜው ኅዳር 2009 ነው፣ አገሩ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅና አዋጁን በሚያስፈጽመው ኮማንድ ፖስት ሥር ነው፣ ኢንተርኔት ከተዘጋም ሁለተኛ ወሩ ነው። ሲስተሙ የሚሠራው እዚያው ክፍል ውስጥ ካለ ሰርቨር ላይ ስለሆነ ብቻ ሥራ አልቆመም። አንዷለም መስመሮቹን በጣቱ እየተከተለ፣ ያልገባውን በወረቀት እየጻፈ እስከ አራት ሰዓት ቆየ።

"ይኸው፣ በላፕቶፔ ዜሮ ስምንት ብዬ ሳስገባ ስምንት ይላል" አለ ላፕቶፑን ወደ መዝገብ አስገቢዋ ወደ ያምሮት እያዞረ። "ሁለት ዓመት ሙሉ ስሞክረው ትክክል ነው።"

"እኛ የምናስገባው ባንተ ላፕቶፕ ነው እንዴ?" አለች ያምሮት፤ ሆዳሙን ስክሪን በአገጯ እያመለከተች።

አንዷለም ወንበሩን ጎትቶ ከጎኗ ተቀመጠ። 07 እንድታስገባ ነገራት፤ ሰባት ሆነ። 08 አስገባች፤ ዜሮ ሆነ። 09 አስገባች፤ እሱም ዜሮ ሆነ። 10 ስታስገባ አሥር አለ። ያምሮት ኮምፒውተሩ ጃጀ ብላ ሳቀች። አንዷለም አልሳቀም።

ጥፋቱ አንዲት መስመር ላይ ናት። መጠገኛው በጽሑፍ የገባን ቁጥር ወደ ስሌት ቁጥር ሲቀይር፣ በስንት ቤት እንደሚቆጠር አይናገርም። አዲሶቹ ብሮውዘሮች ካልተነገራቸው በአሥር ይቆጥራሉ። አሮጌዎቹ ግን ፊቱ ላይ ዜሮ ያለበትን ቁጥር በስምንት ቤት የተጻፈ አድርገው ያነቡታል፤ በስምንት ቤት ደግሞ ከሰባት የሚበልጥ አኃዝ የለም። እስከ 07 ደህና ይሄዱና 08 እና 09 ላይ ሲደርሱ ዜሮ ብለው ያልፋሉ። በሲስተሙ ደንብ ቁጥሩ ዜሮ የሆነ ማሳ የወል ነው፤ የወል መሬት ደግሞ የሰው ስም አይቀበልም፣ የገባለትን ስም ይሰርዛል። ማረሚያው በቅንፉ ውስጥ አንድ ነጠላ ሰረዝና አሥር ቁጥር መጨመር ብቻ ነበር።

ዜሮውን ያመጣው ደግሞ ጥንቃቄ ነው። በመስክ ፎርሙ ላይ ለማሳ ቁጥር ሁለት ሳጥን አለ። ኮሚቴዎቹ ሲሠለጥኑ ባዶ ሳጥን እንዳይተዉ ተነግሯቸዋል፤ ከተዉ አንዱ ሌባ ከፊቱ አንድ ጨምሮ ስምንትን አሥራ ስምንት ያደርገዋል ተብለው። የሾላ ምንጭ ሰዎች ይህን ምክር አንድም ቦታ አልጣሱም። መሬታቸውን ከሌባ ለመጠበቅ ሲሉ ባዶውን ሁሉ በዜሮ ሞሉት።

ሾላ ምንጭ ሠላሳ አንድ ብሎክ አለው። በያንዳንዱ አንድ 08፣ አንድ 09። አንዷለም ስልሳ ሁለቱንም ከመስክ መዝገቡ እያወጣ አንድ ወረቀት ላይ ጻፋቸው። ሃያ ሦስቱ ለተደራጁ ወጣቶች ተሰጥተዋል፤ የቀሩት በሚመጣው ወር ለሚደራጁት ተይዘዋል። ዝርዝሩ ለሕዝብ ትችት ተብሎ በቀበሌው ግድግዳ ላይ አንድ ወር ተለጥፎ ነበር። ስማችንን አጣነው ብለው ለመጡት ሰዎች በቀጣዩ ዙር ይመጣል፣ አታስቡ ብሎ የመለሳቸው አንዷለም ራሱ ነው። አሁን ያ መልስ አንድ በአንድ ትዝ አለው፤ ሰዎቹ ተረጋግተው አመስግነውት እንደሄዱም ጭምር።

በብሎክ አሥራ ሁለት ማሳ 09 ትይዩ አድማሴ ተስፋው ይላል። ያምሮት ስሙን ስታየው ወደ በረንዳው ዞራ አግዳሚው ላይ የተቀመጡትን ሽማግሌ አየች። ከዚያ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

አቶ እጅጉ ነገሩን የሰሙት በር ዘግተው ነው። አላቋረጡትም። ወረቀቱን ተቀብለው ስሞቹን እስከ መጨረሻው አነበቡ፣ አጥፈውም ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት።

"ማን ማን ያውቃል?" አሉ።

"እኔና ያምሮት ነን።"

"ያምሮትን እኔ አነጋግራታለሁ።"

አቶ እጅጉ ክፉ ሰው አይደሉም። ባለፈው ክረምት የጥበቃው ሚስት በምጥ ስትቸገር በራሳቸው ሞተር ቡሬ ድረስ ያደረሷት እሳቸው ናቸው። ግን ሾላ ምንጭ ያለ አንዳች ስህተት ተጠናቀቀ ብለው ለበላይ ሪፖርት ልከዋል፤ ለዚያ የተሸለሙት ዋንጫም ቁም ሳጥኑ ላይ ተቀምጧል። ሃያ ሦስቱን መሬት ሲያስረክቡ ፎቶ ተነሥተዋል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ፈርተዋል፤ ያንን ለመደበቅም አልሞከሩም።

"ስልሳ ሁለት አባወራ ነገ እዚህ በር ላይ ቢቆም ምን እንደሚባል ታውቃለህ? ቁጥር ተሳስተን ነው ብለህ ለኮማንድ ፖስቱ ልታስረዳ ነው?"

"ጥፋቱ የእኔ ነው። እኔው ቀርቤ ብናገር፣ እርስዎን አይነካዎትም።"

"አንተማ ትናገርና እስር ቤት ትገባለህ። ከዚያስ? ልጆቹ ቤት የሠሩበትን መሬት ማን ያስለቅቃቸዋል፣ አንተ?"

አቶ እጅጉ ተነሥተው መስኮቱን ከፈቱ፤ በረንዳው ላይ ያሉትን አይተውም ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። የሴትዮዋን ብቻ ያስተካክል አሉ። አንድ ማሳ ሲሆን የጽሑፍ ስህተት ነው፣ የትም ያጋጥማል፣ ማንም አይደነግጥበትም። ደብዳቤውን አሁኑኑ ይፈርማሉ፣ ማኅተም ይመታበታል፣ ልጇ ዛሬ ማታ ቤቱ ይገባል። ሌላው ጊዜው እስኪረጋ ባለበት ይቆያል።

"ወሬው ከዚህ ክፍል ከወጣ ግን" አሉ፣ "ዳኛው ሳይሰየሙ ደውዬ መረጃችን ገና እየተጣራ ነው እላለሁ። ያኔ ልጁም እዚያው ነው፣ አንተም አትተርፍ።"

አንዷለም ተናደደ። አፈረም። ግን ከንዴቱም ከኀፍረቱም በፊት አንድ ሌላ ስሜት ተሰምቶት ነበር፤ እንደማይታሰር ሲያውቅ ልቡ ረጋ። ይህን ለማንም አይናገረውም፤ እውነቱ ግን ይኸው ነው።

ወደ ሰርቨሩ ገብቶ አንዱን ማሳ አረመ። ዜሮው ወደ ስምንት ተለወጠ፣ የበለጠች ላቀው ስም ሦስት ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ተመልሶ ቦታው ላይ ተቀመጠ። ከዚያ ማንም ሳያዘው ላይብረሪውን ከፍቶ በዚያች መስመር ላይ ነጠላ ሰረዙንና አሥርን ጨመረ። ከዚህ በኋላ የሚመዘገብ ሰው መሬቱን አያጣም። ያጡት ግን አጥተዋል፤ የተሰረዘውን ስም መስመሯ ብትታረምም መልሳ አታመጣውም። አንዷለም ይህን አሳምሮ እያወቀ ትንሽ ቀለል ያለው መሰለው።

ደብዳቤው ታትሞ፣ ተፈርሞና ማኅተም ተመትቶበት እጁ ሲገባ ስድስት ሰዓት ሊሆን ነበር። በረንዳው ላይ ወጥቶ ለበለጠች ሰጣቸው። በለጠች ፖስታውን በሁለት እጃቸው ተቀብለው ገለባበጡት።

"ምን ይላል ልጄ?"

"መሬቱ የእርስዎ ነው ይላል፣ እናቴ።"

"እሱንማ እኔም አውቀው። ዳኛው ያምናል ወይ?"

"ያምናሉ። በስህተት ነው የወል የተባለው ብለን ጽፈናል።"

"የማን ስህተት?"

"የኮምፒውተሩ" አለ አንዷለም።

በለጠች ኮምፒውተር ምን በድዬው ነው በሚል ዓይን አዩት። ከዚያ ጎንበስ ብለው ጉልበቱን ሊስሙ ሲሉ አንዷለም ወደ ኋላ ሸሸና ክንዳቸውን ይዞ ቀና አደረጋቸው።

"ኸሰኔ ወዲህ ልጄን በሽቦ ውስጥ ነው የማየው" አሉ። "ከስቷል። ባለፈው ስጠይቀው እማዬ አትመላለሽ አለኝ። ተስፋ ቆርጦ ነው እንጂ ለእኔ አዝኖ እንዳይደል አውቄዋለሁ።"

አንዷለም መሬት ተሰንጥቆ ቢውጠው በወደደ። መንገዱ ማዶ የፍኖተ ሰላም ሚኒባስ ቆሞ ረዳቱ ይጣራል፤ ሁለት ሰው ብቻ ነው የጎደለው። አንዷለም ቶሎ እንዲሄዱ፣ ፖስታውን ለችሎቱ ጸሐፊ ራሳቸው እንዲሰጡ፣ በመንገድ ለማንም እንዳያሳዩ ነገራቸው። በለጠች ነጠላቸውን አጣፍተው ደረጃውን ወረዱ።

አቶ አድማሴ ግን አልተከተሏቸውም። ዱላቸውን ተደግፈው በረንዳው ላይ ቆሙ።

"አንድ ነገር ላስቸግርህ ልጄ" አሉ። "የሷ መሬት እዚያ ኮምፒውተሩ ውስጥ ጠፍቶ ነበር አሉ። የኔ ኸሷ ጋር ነው የሚዋሰነው። እኔም ደብተሬን ሰጥቻለሁ።"

"እሺ፣ አባቴ።"

"ግድግዳው ላይ ስሜን ባጣው አንተን ጠየኩህ። በቀጣዩ ዙር ይመጣል አልኸኝ። ይኸው ዓመት ሞላው፤ አልጠየኩም፣ አምኘህ ነው። ልጆቼ አባ ሂድና ጠይቅ ይሉኛል፣ እኔ ደግሞ ሰው አታስቸግሩ እላቸዋለሁ።" ዱላቸውን ወደ ሌላ እጃቸው አዛወሩ። "የኔን አይተኸው ይሆን? ደህና ነው?"

አንዷለም ምን ማለት እንዳለበት ያውቃል። የእርስዎም ጠፍቷል፣ በሚመጣው ወር ለሌላ ሰው ሊሰጥ ነው፣ ይቀመጡና አብረን እንጻፍ ማለት ነው ያለበት። ይህን ቢል ሽማግሌው ዝም ብለው እንደማይሄዱ፣ በለጠችም ከሚኒባሱ ሰምተው እንደሚመለሱ ያውቃል። የአቶ እጅጉ መስኮት ከኋላው ክፍት ነው። ወደ ሚኒባሱ ተመለከተ፤ በለጠች ገብተው ፖስታውን ደረታቸው ላይ ይዘው፣ በሩን እያዩ አቶ አድማሴን ይጠብቃሉ።

"ደህና ነው፣ አባቴ" አለ። "አይቸዋለሁ። በስምዎ ነው ያለው።"

አቶ አድማሴ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ያሳደገህ ይባረክ፣ ለወግ ለማዕርግ ያብቃህ፣ እጅህ የነካው ይሳካልህ፣ በሰው አገር ክፉ አይንካህ አሉት። ምርቃታቸው ረጅም ነበር፤ ረዳቱ ሁለት ጊዜ ጮኾ ጠራቸው። አንዷለም አንገቱን ደፍቶ፣ እስኪጨርሱ ድረስ በየመሀሉ አሜን አለ።