ሽርጥ የለበሰችው ወሰራ

ማሲንዴ ሹፌርነቱን በጡረታ ከተወ ወዲህ ሥራው አውራ ዶሮ ማድነቅ ሆኗል። ከኪሚሊሊ ገበያ ጀርባ ባለችው ግቢው ሰባት ሴት ዶሮዎችና ሦስት አውራዎች ነበሩት፤ ሦስቱም አውራዎች ከአንድ እናት የተፈለፈሉ፣ ከጫጩትነታቸው ጀምሮ በእጁ ያበላቸው ናቸው። ሚስቱ ናሲኬ ከእኔ ጋር ልብስ ትሰፋለች፤ አንድ ጣሪያ ሥር ሁለት የስፌት መኪና ይዘን ጎን ለጎን ነን። የዶሮዎቹን ጉድ ከማንም በፊት የምሰማው እኔ ነኝ።

«አውራዎቹ ሲነጋ ይቧቀሳሉ» አለችኝ አንድ ቀን፤ «ያ ሲሰለቻቸው ሴቶቹን ያሳድዳሉ። ወሰራ ዶሮዬን ብታያት ታሳዝንሻለች፤ ጀርባዋ ተመልጦ ቆዳዋ ቀልቷል። እንቁላልማ ረስተውታል።»

«ሁለቱን እረጂያቸዋ!»

«እሱን ለማሲንዴ ንገሪልኝ። ‹ከየትኛው ልጄ ልትጀምሪ ነው?› ነው የሚለኝ።»

ስለዚህ የምታውቀውን አደረገች፤ ሰፋች። ቁርጥራጭ ጨርቅ ለቃቅማ ለሰባቱም ጀርባ የሚሸፍን፣ በክንፋቸው ሥር በላስቲክ የሚያዝ ሽርጥ ሠራችላቸው። ለወሰራዋ ቢጫ አበባ ያለበት ደረሳት። ሰፈሩ አጥር ላይ ተንጠልጥሎ ሳቀ።

«ናሲኬ፣ ሠርግ አለ እንዴ?»

«አለ እንጂ! ሙሽራው ነው የበዛብን!»

ጀርባቸው ዳነ፤ ሰላም ግን አላገኙም። አውራዎቹ ማሳደዳቸውን አልተዉም። አንድ ጠዋት ወሰራዋ ጠፋች።

ናሲኬ ቁጥቋጦውን ሁሉ አሰሰች፤ ላባ እንኳ አላገኘችም። ያልጠየቀችው የጎረቤቷን የካኤምባን ግቢ ብቻ ነበር። ካኤምባ ሚስቱ ከሞተች ወዲህ በሩን ዘግቶ የሚኖር ሽማግሌ ነው፤ ሰላም ሲሉት ራሱን ነቅነቅ አድርጎ ያልፋል። «ብቻዬን አልደፍርም፤ ነይ አብረን እንሂድ» አለችኝ።

በሩን ገፋ ስናደርግ ሰውዬው ጎተራው ፊት ዱካ ላይ ተቀምጦ ይስቃል። ለብቻው! ጎተራው ሥር፣ ገለባ ላይ፣ ወሰራዋ ቢጫ ሽርጧን እንደለበሰች እንቁላል ታቅፋ ታፈጣለች። ለካ ከአውራዎቹ ሸሽታ ስትጥል የከረመችው እዚያ ነው።

«አባባ ካኤምባ፣ ይቺ ዶሮ የኔ ናት» አለች ናሲኬ።

«አውቃለሁ። እዚህ አገር ልብስ ለብሳ የምትሄድ ዶሮ የሌላ የማን ልትሆን ነው?»

«ታዲያ ምነው ሰው ቢልኩብኝ?»

«ብልክብሽ ትወስጃታለሻ!» ሳቁን ገታ አደረገ። «ልጄ፣ ጠዋት ስወጣ ባለአበባ ቀሚስ ሴትዮ ጎተራዬ ሥር ቁጭ ብላ ትቆጣኛለች። እዚህ ግቢ የሚቆጣኝ ካጣሁ ቆየሁ።»

ናሲኬ ለመውሰድ የዘረጋችውን እጇን መለሰች። አጠገቡ መሬት ላይ ተቀመጠች።

«ሟች የተወችልኝ አራት ዶሮዎች አሉ» አላት። «ይጥላሉ፣ ግን አውራ የለም፤ አንድም ጫጩት አይወጣም። አንቺ ጋ ወንዱ ተትረፍርፎ እኔ ጋ ጠፋ!»

ነገሩን የሰማው ማሲንዴ እያጉረመረመ መጣ። ወሰራዋን አየ፤ ሽማግሌውን አየ። ከዚያ ተመልሶ ሄደና ገብስማውን አውራ ብብቱ ሥር ይዞ መጣ። መሃል ግቢ ለቀቀው። ገብስማው ቆም አለ፣ አፈሩን ጫር ጫር አደረገና ትል ሲያገኝ ራሱ አልበላውም፤ ኩት ኩት እያለ ሴቶቹን ጠራቸው።

የማሲንዴ ዓይን እንባ አቀረረ። «እኔ ቤት አንድ ቀን እንዲህ አድርጎ አያውቅም!»

«ወንድሞቹ መቼ ፋታ ሰጡትና» አለ ካኤምባ።

ጥፋቱ የአውራ መብዛት እንደሆነ ማሲንዴ ያን ቀን ገባው። «የወሰራዋ ጫጩቶች የወጡ ዕለት ቀዩን እናርዳለን» ያለው ራሱ ነው። ከሦስቱ ተደባዳቢው ቀዩ ነበር።

ጫጩቶቹ ወጡ፤ ቀዩም ድስት ገባ። ካኤምባ ካፖርቱን ለብሶ መጣ። የበቆሎ ገንፎው፣ ኡጋሊው፣ ተቆረሰ፤ ወጡ ቀረበ። የዶሮ ጨጓራ የቤቱ አባወራ ድርሻ ነው፤ ማሲንዴ ግን አንስቶ ካኤምባ ሳህን ላይ አኖረው። ሽማግሌው ሳህኑን ወደ ራሱ ሳብ አደረገ። ከዚያ ጎረሰና ለረጅም ጊዜ አላመጠ።

«ጠንካራ ነው።»

«ሲደባደብ የኖረ ነዋ!» አለች ናሲኬ፤ ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ማሲንዴ ለቀዩ አለቀሰ፤ እያለቀሰም ሁለተኛ ታፋ ደገመ።

አንድ አውራ ብቻ የቀረበት ግቢ ሰላም ሆነ። የዶሮዎቹ ላባ በቀለ፣ እንቁላሉም ተመለሰ፤ ሽርጡን አወለቁ። አሁን ጎህ ሲቀድ ካጥር ማዶ ገብስማው ይጮሃል፣ የማሲንዴው ይመልሳል። ቀጥሎ የካኤምባ ድምፅ ይሰማል፦

«ማሲንዴ! ተነስ እንጂ! ዛሬም የኔው ቀደመ!»