የቀኙ እጅጌ

«ለማን ልስጠው?» ይል ነበር የአባቷ ድምፅ። «እስቲ ንገረኝ ጋሼ፣ አሁን ይሄን ለማን ልስጠው?»

ሔርሜላ ያኔ ፊደል አልቆጠረችም። ኢዲዶ መንደር፣ በአያቷ ጓሮ፣ እንሰት መሀል ተወሽቃ የቅጠል ቤት ትሠራ ነበር። አባቷና ታላቅ ወንድሙ ከእንሰቱ ማዶ ቆመዋል። አጎቷ የመለሱትን አልሰማችም፤ ዝናቡ ሰፋፊዎቹን ቅጠሎች መደብደብ ጀምሮ ነበር። ብቻ ቀጥሎ አባቷ፣ «ሁለተኛ እንዲህ ያለ ነገር...» ሲል ትዝ ይላታል። የቀረውን ዝናቡ ወሰደው። ካደገች በኋላም ሁለቱ ወንድማማቾች በአንድ ዕቃ ተጣልተው ነበር ብላ ነው የምታስበው።

አሁን ዲላ፣ ከአባቷ ቤት ደጅ በተተከለው የእድር ድንኳን ውስጥ ፍራሽ ላይ ተቀምጣ፣ ያ ድምፅ እየተመላለሰ መጣባት። ጉልበቷ ላይ አንድ ፌስታል አለ። ፌስታሉ ውስጥ ለአባቷ ያመጣችው ሰማያዊ ሹራብ ነው ያለው።

«እግዚአብሔር ያጽናሽ፣ ልጄ።»

«አሜን።»

«ጎበዝ። ትምህርትሽን ጨርሰሽ መጣሽ። እሱም ይሄን ነበር የሚፈልገው።»

የሚገባው ሁሉ ይህን ይላታል። ብለው ይቀመጣሉ፣ ንፍሮ ይቆነጥራሉ፣ ስለ ዝናቡና ስለ ቡናው ፍሬ በሹክሹክታ ያወራሉ። ዓይናቸው ደረቅ ነው። ክፋት የለባቸውም፤ አልቅሰው ጨርሰዋል። መምህር ደጀኔ ያረፈው በጥቅምት፣ ቡና ሲለቀም ነበር፤ አሁን ሰኔ ነው። ሳጥኑ፣ ቀብሩ፣ ሰልስቱ፣ መዝሙሩ፣ ሁሉም እሷ ኖርዌይ ሆና አልፏል። ይህ ድንኳን ለእሷ ብቻ የተተከለ ነው። ከሐዘኑ ሁሉም ወጥቷል፤ በሩን የዘጉት በእሷ ላይ ነው።

መርዶውን እንደ ወጉ ነው ያረዷት። ከአዲስ አበባ አውቶብስ ስትወርድ እናቷ አመለወርቅ አረንጓዴ፣ አበባ አበባ ያለበት ቀሚስ ለብሳ ነበር የተቀበለቻት። ቀሚሱ ትከሻዋ ላይ ሰፍቶ ይንሸራተታል። ሔርሜላ እያቀፈቻት፣ «ከሳሽ እንዴ እማዬ!» አለች። «አባዬስ?»

«ኢዲዶ ነው። ነገ ይመጣል።»

ሹራቡን ትራስጌዋ አድርጋ በደስታ ተኛች። ጎህ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። ሽማግሌዎቹ ተከታትለው ገቡ፤ ከኋላቸው እናቷ፣ ጥቁር ለብሳ። ማንም አንድ ቃል ሳይተነፍስ ሔርሜላ ያ አረንጓዴ ቀሚስ የማን እንደሆነ ገባት። የጎረቤታቸው የመሪማ ነው።

መሪማ አሁን አጠገቧ ተቀምጣለች። ሱቋን ዘግታ፣ ሻርፗን አገጯ ድረስ ስባ፣ የሰዉን ጆሮ እየጠበቀች ታንሾካሹካለች።

«እኔን እንኳ አትቀየሚኝ የኔ እናት። ስልኩ ያለው እኔ ሱቅ ነው፤ በደወልሽ ቁጥር ቀድማ የምትያዘው መሪማ! ‹አባዬን አቅርቡልኝ› ስትዪ ‹አሁን እዚህ ነበር፣ ወደ ኢዲዶ ወጣ› እላለሁ። በረመዳን፣ በጾም አፌ! ‹ያ ረቢ፣ ይሄን ለእኔ አትጻፍብኝ፣ ለወልዱ ጻፍበት› አልኩ። ደብቂ ያሉኝ አጎትሽ ናቸዋ።»

ሔርሜላ ሳታስበው ፈገግ አለች፤ ወዲያው ፈገግታዋን ያየባት ሰው እንዳለ ዞር ዞር ብላ ቃኘች። ለቅሶ ላይ የተቀመጠ ሰው ፊቱም የራሱ አይደለም። ወደ ጓሮ ስትወጣ እንኳ ሁለት ሴቶች ይከተሏታል፤ ብቻዋን አይተዉአትም። መውጣት እንጂ መሄድ የለም።

አባቷ ባንኮ ጎቲቲ በሚባል ትምህርት ቤት አንደኛ ክፍል ነበር የሚያስተምረው። ከፍ ያለ ክፍል ቢሰጡትም እምቢ ይል ነበር። ሰሌዳ የሚያጠፋው በኮቱ በቀኙ እጅጌ ነው። ማጥፊያ ተገዝቶለት ያውቃል፤ ልጆቹ ኳስ አድርገውት ጠፋ፣ እሱም አልፈለገውም። ስለዚህ ኮቶቹ ሁሉ የቀኝ እጃቸው ጫፍ ነጭ ነበር። ማታ ቤት ሲገባ እናቷ፣ «እዚያው በረንዳ ላይ አራግፍ!» ትለዋለች። እሱ እጁን ሲያራግፍ የሚነሣው አቧራ ለሔርሜላ የአባቷ መምጫ ነበር። በመስከረም እሷም ከአንደኛ ክፍል ልጆች ፊት ትቆማለች፤ ምደባዋ ተነግሯታል፣ የእሱ ክፍል ነው።

ለአንድ ዓመት ኖርዌይ የላካት የመምህርነት ትምህርት ነበር። ትምህርቱ አንድ ትንሽ ትምህርት ቤት ውስጥ፣ ሲግሪድ ከምትባል መምህርት ሥር መለማመድን ይጨምራል። እዚያ ወንዱም ሴቱም ሹራብ መሥራት ይማራል፤ ሔርሜላም ከልጆቹ ጋር ዝቅ ባለ ወንበር ተቀምጣ ተማረች። ስትሳሳት በኪሮሽ ጣቷን ነካ አድርገው የሚያርሟት ልጆቹ ነበሩ።

ሲግሪድ አንድ የማትተወው ነገር ነበራት። ሔርሜላ፣ «ያቺ ልጅ ሰንፋለች» ወይም «ያ ልጅ ተቆጥቷል» ብላ ስትነግራት፣ «እሱ ያንቺ ቃል ነው» ትላለች። «ልጁ በራሱ አፍ ያለው ምንድን ነው?» ሁልጊዜ ይህችን ትጠይቃለች። መጀመሪያ ላይ ሔርሜላን ያናድዳት ነበር።

አንድ ጠዋት ሲግሪድ ልጆቹን ክብ አስቀመጠችና የዮሃና አባት ትናንት መሞቱን ነገረቻቸው። ዮሃናም እዚያው መሀላቸው ተቀምጣለች። ሔርሜላ እጇን አፏ ላይ ጫነች። እንዲህ ያለ ነገር ለልጅ፣ ያውም በጠዋት፣ ያውም ሰው ፊት! አንድ ልጅ፣ «አሁን ይበርደዋል?» ብሎ ጠየቀ። «አይ፣ የሞተ ሰው አይበርደውም» አለች ሲግሪድ። ዮሃና ያን ስትሰማ ትከሻዋ ወረደ። ሌሊቱን ሙሉ ያስጨነቃት ያ ነበር ለካ።

ሔርሜላ ግን ሌላም ነገር አየች። ከትምህርት በኋላ ዳቦ ይዛ ወደ ዮሃና ቤት ሄደች፤ ለቅሶ መድረሷ ነው። ደጁ ላይ አንድም ጫማ የለም፤ ቤቱ ጭር ብሏል። የልጅቷ እናት በሩን ከፍታ፣ ዳቦውን አየች፣ የማታውቃትን ጥቁር ልጅ አየች፣ በሩ ላይ እንደቆመች አለቀሰች። እስከዚያ ሰዓት ድረስ የመጣ ሰው አልነበረም። ሔርሜላ ቋንቋው ስለማያደርሳት ዝም ብላ አብራት ተቀመጠች።

ያን ዕለት ለአባቷ ልትነግረው ወደ መሪማ ሱቅ ደወለች። «አሁን እዚህ ነበር፣ ወደ ኢዲዶ ወጣ» አለቻት መሪማ። ጊዜው ከገና በኋላ ነበር።

ድንኳኑ ጣሪያ ላይ ውኃ ተጠራቅሞ አንድ ሰው በዱላ ገፍቶ ሲያፈሰው፣ አጎቷ አቶ ወልዱ ገቡ። ከኢዲዶ መምጣታቸው ነው፤ ከእናታቸው ከእማማ ገበያነሽ ጋር እዚያ ነው የሚኖሩት። ባርኔጣቸውን አራግፈው ከሔርሜላ ፊት ተቀመጡ። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«እናቴ መምጣትሽን ሰምታለች» አሉ። «ሰው አፉን አይገታም። ነገ ብቅ ብለሽ ታያታለሽ። ‹አባዬ እኔ ዘንድ እየታከመ ነው፣ ተሽሎታል፣ ሰላም ብሎሻል› ትያታለሽ። አበቃ።»

ሔርሜላ አልገባትም። ወደ እናቷ ዞረች። እናቷ የነጠላዋን ጫፍ እየጠቀለለች መሬት መሬት አየች።

«እማዬ? አያቴ አታውቅም?»

«ላንቺ ኢዲዶ ነው አልንሽ» አለች አመለወርቅ ቀስ ብላ። «ለእሷ ደግሞ... አንቺ ዘንድ ለሕክምና ሄደ አልናት።»

ሔርሜላ ፌስታሉን ጨበጠች። ስምንት ወር ሙሉ አያቷ ልጇ ኖርዌይ ከሔርሜላ ጋር እንዳለ፣ እሷ ደግሞ አባቷ ከአያቷ ጋር እንዳለ ሲያስቡ ኖረዋል። መሀል ላይ መቃብሩ ብቻውን።

«እኔ አልዋሽም፣ አጎቴ።»

«ውሸት አትበይው! ልቧ ደካማ ነው። ሐኪሙ አታስደንግጧት ብሏል። ልትገድያት ነው የመጣሽው?»

አጠገባቸው ያሉት ወደ እሷ ዞሩ። አንዲት ሴት፣ «አጎትሽ የሚሉሽን ስሚ እንጂ» አለች። ሌላው፣ «ለእሷው ሲሉ ነው» ብሎ አከለ። ከግራም ከቀኝም፣ ሁሉም በፍቅር ነበር የሚገፏት፤ የሚጮህ ሰው ቢኖር ጮሃ ትመልስ ነበር። እንደዚህ ግን የት ይወጣል?

«አንቺስ ብትሆኚ» አሉ አቶ ወልዱ፣ «ነግረንሽ ቢሆን ጥለሽ ትመጪ አልነበር? ይሄ ወረቀትሽ ይገኝ ነበር? ለአባትሽም ያደረግኩት ይሄንኑ ነው። አስተማሪ የሆነው በእኔ ዝምታ ነው።»

ሔርሜላ ቀና አለች። «ለአባዬ ምን አደረጉት?»

«አባታችን ሲሞት እሱ አዋሳ፣ ማሰልጠኛ ነበር። ደበቅነው። ሲጨርስ መጣ። አባቴ በዕድሜው ጫማ አድርጎ አያውቅም ብሎ፣ ከኪስ ገንዘቡ አጠራቅሞ ጫማ ገዝቶ... ይዞ መጣ።»

«ለማን ልስጠው አለዎት።»

አቶ ወልዱ ደነገጡ። «ማን ነገረሽ?»

«እንሰቱ ውስጥ ነበርኩ። ልጅ ሆኜ፣ አንድ ቀን ያንን የድሮ ነገር አንስቶብዎት ነበር። ‹ሁለተኛ እንዲህ ያለ ነገር› አለ፤ ከዚያ በኋላ ያለውን አልሰማሁም። ምን አለ?»

ዝናቡ ሸራው ላይ በረታ። አጎቷ ባርኔጣቸውን በእጃቸው አዞሩት።

«‹በእኔም በልጆቼም ላይ እንዳታደርጉ› አለ። እሺ ብዬው ነበር።» ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ምን ላድርግ? እናቴ ነች። አሁን አንቺ ሄደሽ ብትነግሪልኝ ምን አለበት፤ እየጠየቀች ነው።»

«ምን ብላ ነው የጠየቀችው?»

«መምጣትሽን ሰምታ ነዋ፤ ስለ እሱ ለማወቅ ነው።»

«እሱ የእርስዎ ቃል ነው፣ አጎቴ» አለች ሔርሜላ ቀስ ብላ። «እሷ በራሷ አፍ ምን አለች? ልክ እንዳለችው ይንገሩኝ።»

አቶ ወልዱ ግንባራቸውን ቋጠሩ። ቃሉን ፈለጉት።

«ዛሬ ጠዋት... ‹ሔርሜላ መጣች አሉ› አለች። ከዚያ፣ ‹ብቻዋን ነው የመጣችው?› አለች።»

«እርስዎስ?»

«አዎ አልኳት። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።»

«ከዚህ በፊትስ? አባዬን በስሙ ትጠራዋለች?»

«ድሮ በየዕለቱ ነበር። ከጥምቀት ወዲህ...» ቆም አሉ። «ከጥምቀት ወዲህ ስሙን አንሥታ አታውቅም።»

መሪማ ደረቷን መታ አደረገች። «ውይ! አውቃለች!»

ሔርሜላ በዓይነ ሕሊናዋ ያየችው የዮሃናን ቤት ጭር ያለ ደጅ፣ ጫማ የሌለበትን ደረጃ ነበር።

«አጎቴ» አለች፣ «እዚያ አገር ለሰው ይነግሩታል፤ አብሮት የሚቀመጥ ግን የለም። እኛ አብረን እንቀመጣለን፤ አንነግርም። አያቴ ሁለቱንም አጣች። ልጇ እንደሞተ ታውቃለች፤ እናንተ እንዳትደነግጡ ብላ ብቻዋን እያለቀሰች ነው። ልቧን የሚገድለው የቱ ነው?»

አቶ ወልዱ ወደ ፌስታሉ ጠቆሙ። «እሱ ምንድን ነው?»

አወጣችው። በእጃቸው ተቀበሉ፣ በትከሻው ያዙና ዘረጉት። ሸካራ ነው፤ አንገቱ ትንሽ ጠሟል። ሽማግሌው ሁለቱን እጅጌዎች አጋጠሙ።

«የቀኙ ረዘመሳ። ተሳስተሽ ነው?»

«አልተሳሳትኩም። ሰሌዳ የሚያጠፋበት ነው።»

አቶ ወልዱ ሊስቁ ሲሉ ድምፃቸው ተሰበረ። ረጅሙን እጅጌ ይዘው አፋቸው ላይ ጫኑት፤ እንደ ልጅ ተንሰቀሰቁ። ያ ድንኳን ከተተከለ ጀምሮ ከሔርሜላ በስተቀር እንዲህ ያለቀሰ ሰው አልነበረም። እሷም ተጠጋቻቸውና አብራቸው አለቀሰች፤ የመጣችበት ለቅሶ አሁን ገና ሰው አገኘ።

ብዙ ቆይተው አቶ ወልዱ ፊታቸውን በመዳፋቸው ጠረጉ።

«እሺ» አሉ። «እንሄዳለን። የምነግራት እኔ ነኝ፤ የደበቅኳት እኔ ነኛ። አንቺ አጠገቧ ትቀመጫለሽ። ሹራቡንም ለእሷ እንስጣት። ኢዲዶ ይበርዳል።»

«ድንኳኑስ?» አለች አመለወርቅ። ቀና ብላ ስታያቸው ያኔ የመጀመሪያዋ ነበር። «የእሷ ለቅሶ ያለ ድንኳን ሊሆን ነው?»

«ድንኳኑም ይሄዳል። ሰውም ይሄዳል።»

አቶ ወልዱ ተነሥተው ወጡ። ከውጭ የድንኳኑ አንዱ ጥግ ላላ፤ ሸራው የተቀመጡት ሰዎች ራስ ላይ ረገብ አለ።

«ኧረ አቶ ወልዱ!» ጮኸች መሪማ። «እኛን ውስጥ አድርገው ነው እንዴ የሚነቅሉት?»

ሔርሜላ ብቅ ብላ አየች። ሽማግሌው ዝናብ ላይ ተንበርክከው፣ ባርኔጣቸውን ውስጥ ረስተው፣ የመጀመሪያውን ገመድ ከችካሉ ይፈታሉ። ሹራቡ እንዳይርስ ኮታቸው ውስጥ ሸጉጠውታል። ረጅሙ እጅጌ ግን ሾልኮ ወጥቶ ነበር። ገመዱን ትተው፣ በእርጥብ እጃቸው እንዳይነኩት ጣቶቻቸውን ሱሪያቸው ላይ ጠራረጉና፣ እጅጌውን አጣጥፈው ወደ ደረታቸው መለሱት።