የማረፊያው አፈር

...ሁለተኛ ማርሽ ነው፣ የሞተሯን ድምፅ አውቀዋለሁ፣ በሁለተኛ ማርሽ ትልቁን ጉብታ ማንም አይዘለውም፣ ስለዚህ ገና ነው፣ ተንፍሺ ሎርና፣ ልጅቷ ገና መሬቱን እየለመደች ነው፣ ጉብታዎቹን ቀስ ብላ እየወጣች እየወረደች ነው የምታልፋቸው፣ ጎማዋ እንኳ ከመሬት አይለቅም፣ ደግሞም ነግራኛለች፣ ጠዋት ቁርስ ላይ፣ እንቁላሉን በሹካ እየጎረጎረች ሳትበላው፣ እማ፣ ሁለቱን ዙር በእርጋታ ነው፣ በሦስተኛው ትልቁን እሞክረዋለሁ፣ ጨው አቀብይኝ እንደማለት አድርጋ ነው ያለችው፣ እኔም እሺ አልኩ። እሺ። ምላሴ ነው እሺ ያለው።

ያቻትና፣ ከጥዱ ጀርባ ወጣች። ቀይ ሄልሜት፣ ነጭ ሞተር። ቴጋን። ሃያ ዓመቷ ነው፣ ሞተር ላይ ከወጣች አስራ ሁለት ዓመቷ፣ እኔ ደግሞ አስራ ሁለት ዓመት ሙሉ በየሜዳው አጥር ስር ቆሜ ጥፍሬን በልቻለሁ፣ ዛሬ ግን ሜዳው የሌላ ሰው አይደለም፣ የኛው ማሳ ነው፣ እያንዳንዱን ጉብታ የከመርኩት እኔ ነኝ፣ በዚህ በተደገፍኩት እስካቫተር፣ ከጠዋት የላም አለባ እስከ ማታ አለባ ባለው ሰዓት፣ ሁለት ወር፣ እጄ ከመሪው ላይ ተነስቶ ጡት ላይ፣ ከጡት ተነስቶ መሪ ላይ፣ በህልሜ እንኳ አፈር ነበር የምዝቀው።

እና ሐሙስ። ሐሙስን አታስቢ።

አስቢው እንጂ፣ ሌላ ምን ልታስቢ ነው።

ባለፈው ዓመት የሞተር ክለቡ ሜዳ ላይ አንዱ ነጂ ከኋላዋ ዘሎ ጀርባዋ ላይ አረፈባት፣ ትከሻዋ፣ ሁለት የጎድን አጥንት፣ የተበሳ ሳንባ፣ አስራ አንድ ቀን ሆስፒታል፣ በቱቦ ስትተነፍስ ቁጭ ብዬ ደረቷን አያለሁ፣ ሲነሳ እተነፍሳለሁ፣ ሲወርድ አቆማለሁ፣ በአስራ አንደኛው ቀን መኪና ውስጥ አልኳት፣ መንዳትሽ ካልቀረ ማንም በማይዘልብሽ ቦታ ንጂ፣ እኔ እሠራልሻለሁ፣ በገዛ መሬታችን። በመስኮት ውጭውን ታይ ነበር፣ ደስታ ነው ብዬ ገመትኩ። ባሌ ራስል ግን እስካቫተሩን ያመጣሁ ዕለት አለ፣ መቼ ሳይል ቀርቶ፣ ለገዛ ልጅሽ መውደቂያዋን ራስሽ ልትቆፍሪላት ነው? ሦስት ቀን አላናገርኩትም። በአራተኛው ቀን መጥቶ እስካቫተሩ ሥር ቆሞ ጮኸ፣ በይ እሺ ቆፍሪ፣ ግን ከጥዱ ወዲህ ከአንድ ሜትር በታች እንዳትወርጂ፣ የአባቴ የሸክላ ውሃ ማፋሰሻ ቱቦ አለ፣ በአካፋ ነው የቀበረው፣ ሰምተሻል? ሰምቻለሁ አልኩት፣ የሞተሩን ድምፅ እየጨመርኩ።

ሐሙስ ወረድኩ። አፈር አነሰኝ፣ ከትልቁ ጉብታ ዘላ የምታርፍበት ማረፊያ ተዳፋት እንዲሆን አፈር ያስፈልገኝ ነበር፣ ትንሽ ልውረድ አልኩ፣ ትንሽ፣ እና የእስካቫተሩ አካፋ ቀይ የሸክላ ስብርባሪ ይዞ ወጣ፣ እንደ ጥርስ የተሰባበረ፣ ከሥሩም ውሃ፣ ቀዝቃዛ፣ ቀስ ብሎ የሚመጣ፣ ማንም አላየም፣ ዙሪያዬን አየሁ እኮ፣ እንደ ሌባ ዙሪያዬን ቃኘሁ፣ ከዚያ መለስኩት፣ ደፈንኩት፣ በማሽኑ የብረት ሰንሰለት አራት ጊዜ ሄድኩበት፣ አምስት፣ እንደ ሲሚንቶ ወለል ጠጠረ። ዓርብ ዘነበ። ታራናኪ ተራራ ከታየሽ ሊዘንብ ነው፣ ካልታየሽ እየዘነበ ነው ይላሉ እዚህ። ቅዳሜ ጠዋት ሄጄ በተረከዜ ረገጥኩት፣ ደረቅ፣ ጠንካራ፣ ደስ አለኝ።

ላዩ። የረገጥኩት ላዩን ነው።

ሁለተኛ ዙር ጀመረች። ሦስተኛ ማርሽ፣ አይ፣ ሁለተኛ፣ አይ ሦስተኛ ነው፣ ነዳጅ ሰጠች፣ መታጠፊያው ላይ አፈሩ ከኋላ ጎማዋ እንደ ውሃ ተረጨ፣ አቤት ስታምር፣ ተመልከች እንዴት እንደምትተኛ በመታጠፊያው፣ እኔ ነኝ ያን የአፈር ግድግዳ የሠራሁት። ሞተሩ መቶ አምስት ኪሎ፣ እሷ ስልሳ፣ ከሁለት ተኩል ሜትር ሲወርድ፣ ላዩ ቅርፊት ሥሩ ጭቃ፣ የፊት ጎማው ይሰምጣል፣ ሞተሩ ይቆማል፣ ልጅቷ አትቆምም። እንዲህ ነው የሚሆነው፣ አይቻለሁ፣ ሃሚልተን ውድድር ላይ በሌላ ሴት ልጅ ላይ ሲደርስ አይቻለሁ፣ እናትየው አልጮኸችም፣ ቦርሳዋን መሬት ላይ አስቀመጠችና ቀስ ብላ ተራመደች።

ንገሪያት። ምን ብዬ? ራስል ትክክል ነበር ብዬ? አስራ አንድ ወር ስትጠብቅ ኖራ አሁን በመጨረሻው ደቂቃ? ደግሞ ላይሰምጥ ይችላል፣ አምስት ጊዜ ሄጄበታለሁ፣ ማሽኑ ስንት ቶን ነው፣ ማሽኑ ካልሰመጠ እሷ ትሰምጣለች? ደግሞ ካስፈራኋት ጉብታው ጫፍ ላይ ነዳጁን ትለቃለች፣ የለቀቀ ሰው ይወድቃል፣ ፍርሃት ይጋባል፣ ዝም በይ፣ ዝም ማለትም እኮ... ጎረቤታችን ክላይቭ ስቆፍር አጥሩ ላይ ተንጠልጥሎ ምን አለኝ፣ ሎርና፣ ይሄ ጩኸት የላሞቼን ወተት ሊያነጥፈው ነው፣ አልኩት፣ ያንተን ላሞች ያነጠፋቸው ያንተ ፊት ነው፣ ሳቀ፣ ከዚያ መሬታችንን በአገጩ አመለከተና፣ ያ ማሳ እኮ ልጅ ሆኜ ጥጃ ውጧል፣ ጆሮዋ ብቻ ነበር የሚታየን፣ አለ፣ ስቆ ሄደ፣ እኔም ስቄያለሁ፣ ሳቅኩ እኮ።

አለፈች። በፊቴ ስታልፍ አንድ ጣቷን አነሳች። ቀጣዩ ነው ማለቷ ነው።

አርባ ሰከንድ። አንድ ዙር አርባ ሰከንድ ነው፣ ለክቼዋለሁ። ራስል ስትራትፎርድ ከተማ ሄዷል፣ ማየት አልችልም ብሎ፣ የበር እጀታ ልግዛ ብሎ፣ የምን እጀታ፣ የትኛው በር። ሠላሳ አምስት። እግሬ፣ ምነው እግሬ፣ ተነስ፣ ከጥዱ ጀርባ ነች፣ አትታይም፣ ድምፁ ብቻ፣ ሦስተኛ፣ እየሮጥኩ ነው፣ መቼ ጀመርኩ፣ የላስቲክ ቦቴ ሳሩ ላይ ያንሸራትተኛል፣ አንዱ ወለቀ፣ ይውለቅ፣ ባንዲራ፣ ቢጫ ባንዲራ የለኝም፣ የአለባ ሽርጤ፣ ሽርጤ ቢጫ ነው፣ ከጠዋት አላወለቅኩትም፣ ማሰሪያው፣ ማን ነው እንዲህ የቋጠረው፣ ሳብኩት፣ ተበጠሰ፣ አራተኛ ማርሽ፣ አምላኬ አራተኛ ነው፣ ከጉብታው ፊት መሐል መንገድ ላይ ቆምኩ፣ በአንድ ቦት፣ ሽርጡን በሁለት እጄ ከራሴ በላይ፣ ቢጫ ካየሽ አትዘይም፣ ከስምንት ዓመትሽ ጀምሮ ተምረሻል፣ ቢጫ ካየሽ አትዘይም፣ ቴጋን፣ ቢጫ።

ፍሬን። የኋላ ጎማው ተወናጨፈ፣ አፈር ፊቴን መታኝ፣ ዓይኔን ጨፈንኩ፣ ስገልጥ ሞተሩ ጠፍቷል፣ ጎማው ከእግሬ ሦስት እርምጃ።

መነጽሯን ወደ ላይ ገፋች። ምን ሆነሻል? ላም ገባ?

አልገባም።

ታዲያ? ልገድልሽ ነበር እኮ እማ፣ ታውቂያለሽ?

ማረፊያው፣ አልኩ፣ ሥሩ። ሐሙስ የአያትሽን ቱቦ ሰብሬያለሁ። ደፈንኩት።

ሞተሩን ሳሩ ላይ አጋደመችው፣ ከአጥሩ የብረት ችካል ነቀለች፣ ጉብታውን ወጥታ ወዲያ ማዶ ወረደች፣ ተከተልኳት፣ አንድ እግሬ ካልሲ ብቻ። ችካሉን ማረፊያው ላይ ተከለችው። አልገባ አለ። በእግዚአብሔር፣ ጠንካራ ነው፣ በከንቱ ነው ያስቆምኳት፣ ሊስቁብኝ ነው፣ ይሳቁብኝ። ክብደቷን ጣለችበት። ጠቅ አለ፣ ከዚያ ችካሉ ቅቤ ውስጥ እንደገባ ቢላ ወረደ፣ እስከ ጓንቷ ድረስ፣ በጎኑም ቡናማ ውሃ ብቅ አለ።

ከሐሙስ ጀምሮ ታውቂያለሽ?

አዎ።

ጠዋት ስነግርሽም?

አዎ።

ሁለት ዙር ስነዳ ቆመሽ አየሽኝ።

አዎ። ትጮህብኛለች አልኩ፣ ትሂድ፣ ትጩህ፣ ትስደበኝ፣ አትመለስ እንኳ፣ በእግሯ ትሂድ ብቻ። እሷ ግን ሄልሜቷን አወለቀችና እርጥቡ አፈር ላይ ቁጭ አለች፣ ፊቷ የታመመ ሰው ፊት ነው፣ ከንፈሯ ነጭ፣ እንዴት ጠዋት አላየሁትም።

ዛሬ ጠዋት ሁለቴ አስመለሰኝ፣ አለች።

ምን በልተሽ?

ምንም አልበላሁም። ፈርቼ ነው እማ። ከሆስፒታል ከወጣሁ ጀምሮ እፈራለሁ። ሞተሩን ሳስነሳ እጄ ይደነዝዛል።

ለምን አልነገርሽኝም?

መቼ ልንገርሽ? መኪና ውስጥ እሠራልሻለሁ ስትይ? በየቀኑ በዝናብ ስትቆፍሪ በመስኮት እያየሁሽ? እናቴ ይሄን ሁሉ አፈር ለኔ ስትዝቅ እኔ ፈራሁ ልበላት?

በመስኮት። ደስታ ነው ብዬ ገምቼው ነበር። ሁለት ወር ሙሉ ለማን ነው የቆፈርኩት፣ ለሷ ነው ብዬ ለዓለም አወራሁ፣ ለክላይቭ፣ ለወተት መኪናው ሹፌር፣ ግን ሆስፒታል አልጋዋ አጠገብ ቁጭ ብላ ምንም መሥራት ላልቻለችው ለዚያች ሴት ነው የቆፈርኩት፣ ለራሴ፣ እጄ ሥራ እንዳይፈታ። ቁጭ አልኩ። እርጥበቱ በሱሪዬ ገባ።

ለአባዬ ልደውል ነው፣ አለች፣ ቱቦው በየት እንደሚሄድ እሱ ነው የሚያውቀው። ስልኩ ገና አንዴ ሳይጠራ አነሳው፣ ድምፁ እኔ ድረስ ይሰማኛል፣ ማን ወደቀ? ማንም አልወደቀም አባዬ። ማንም? ማንም፣ አካፋ ይዘህ ና። አፍንጫውን ሲጠርግ ሰማሁ።

ከስትራትፎርድ እዚህ ሃያ አምስት ደቂቃ ነው። መኪናው በሦስት ደቂቃ በሩ ላይ ደረሰ። መንገድ ዳር ነበር የቆመው፣ የሞተሩን ድምፅ እየሰማ፣ እንደኔው ማርሽ እየቆጠረ። የት ነበርክ ብሎ የጠየቀው የለም። ቀዳዳውን አየ፣ ቢጫ ሽርጤን አየ፣ ቦት የሌለውን እግሬን አየ፣ ነግሬሽ ነበር የምትለዋ ቃል አፉ ላይ ደርሳ ስትመለስ አየኋት፣ ዋጣት። የቱ ጋ ነው፣ አለ ብቻ። አሳየሁት። ካፖርቱን አውልቆ፣ ከመኪናው ባወጣው አካፋ መቆፈር ጀመረ።

ነገስ፣ ልጠይቃት እፈልጋለሁ፣ ትነጃለሽ ወይስ ትተይዋለሽ፣ ብትነጅ ምን እሆናለሁ፣ ብትተይ ይሄን ሁሉ ጉብታ ምን እናደርገዋለን፣ አልጠይቅም፣ ዛሬ አልጠይቅም፣ ላሞቹ በሩ ላይ ተሰብስበው መጮህ ጀምረዋል፣ የማታ አለባ ደርሷል፣ ቴጋን ቆማለች፣ ጓንቷን አውልቃ እጇን ዘረጋችልኝ፣ ተነሺ እማ፣ ያዝኳት፣ ሳንላቀቅ ወደ ላሞቹ እየሄድን ነው...