ከኦዱሮ መኪና የጠፋው ነፋስ

«አሥራ ዘጠኝ ሺህ ስድስት መቶ ሲዲ» አለችኝ ልጅቷ ፈገግ ብላ።

«በዚህ ሁሉ ገንዘብ መኪናውን ልትሸጪልኝ ነው ወይስ ኤሲውን ልትሠሪልኝ?» አልኳት።

«ኤሲውን ነው እማማ። ኮምፕሬሰሩ ሞቷል፣ መቀየር አለበት። አብረውት የሚቀየሩ ዕቃዎችም አሉ። ለምርመራ የከፈሉት አራት መቶ ሲዲ ለብቻው ነው።»

ልጅቷ የምትሠራው መኪናውን በሚያስመጣው ኩባንያ ጋራዥ፣ እዚሁ ኩማሲ ከተማ ነው። ለስላሳ ወንበር ሰጡኝ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ሰጡኝ። አሁን ሳስበው የዚያን ውሃ ዋጋም ሳይጨምሩበት አልቀሩም። ኮምፕሬሰር የሚባለው ነገር ክብ ይሁን አራት ማዕዘን አላውቅም፣ ሞቷል ሲሉኝ ግን ነፍሱን ይማር ልል ምንም አልቀረኝም። «ላስብበት» ብዬ ወጣሁ።

እኔ ዱፊ እባላለሁ፣ ዳቦ ጋጋሪ ነኝ። ጠዋት ጠዋት ለአሥራ አራት ሱቅ ዳቦ የማደርሰው በዚህችው መኪና ነው፤ እሷ ከሄደች ዳቦው በራሴ ላይ ሊሄድ ነው፣ እኔ ደግሞ ሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነው። ለዳቦ ኤሲ አያስፈልገውም። ያስፈለገው ለአንትዊ ነው። አንትዊ የሟቹ ባሌ የኦዱሮ የእህት ልጅ ነው። እኛ ዘንድ የሰው ንብረት ወደ እህቱ ልጅ ያደላል። መንግሥት ለሚስት ይገባል የሚል ሕግ አውጥቷል፣ ቤተሰብ ሲሰበሰብ ግን ሕጉን በር ላይ ያቆሙታል። እኔና ኦዱሮ ደግሞ ልጅ አልወለድንም።

ኦዱሮ ካረፈ ቅዳሜ ዓመት ይሞላዋል። ጥቁሬን አውልቄ ነጭ እለብሳለሁ፣ ከጸሎቱ በኋላ ቤተሰቡ መኪናዋ ለማን እንደምትሆን ይወስናል። አንትዊ ደግሞ ዓይኑን በጨው አጥቦ «የአጎቴን መኪና ገደለችው፣ ኤሲ እንኳን ማሠራት አቃታት» እያለ ቤት ለቤት ይዞራል። የቤተሰቡን አለቃ ናና ባዱን ጸሎቱ ወደሚደረግበት ወደ በክዋይ የማደርሳቸው እኔ ስለሆንኩ፣ መንገዱን ሁሉ ቀዝቅዟቸው ከወረዱ የአንትዊ አፍ ይዘጋል ብዬ ነበር ያሰብኩት።

ከኩባንያው በቀጥታ ወደ ሱዋሜ ሄድኩ። ሱዋሜ ሰፈሩ በሙሉ ጋራዥ ነው። የመጀመሪያው መካኒክ ጋዝ አልቋል አለኝ። ሁለተኛው ጋዙ ሞልቷል፣ ያለቀው ሽቦው ነው አለ። ሦስተኛው መኪናዋን ሳያያት «ማዘር፣ ይህቺን ሽጪያትና ሌላ ግዢ» አለኝ። ግራ ገባኝ። አራት ሰው፣ አራት በሽታ፣ አንድ መኪና! እኔ ታምሜ ሐኪም ቤት ስሄድ እንኳን እንዲህ አልተምታታብኝም።

ወደ ቤቴ ልመለስ ስል ሳርፖንግ የሚባል ሽማግሌ መካኒክ ጠራኝ። ሞተሩን አስነሳና እጁን ነፋሱ መውጫ ላይ አደረገ። «ይሰማሻል? ውስጥ ያለው ማራገቢያ ይጮኻል። ነፋስ ግን የለም። የት ገባ ነፋሱ?»

«እኔን ትጠይቀኛለህ እንዴ!»

ሳርፖንግ ከፊት ወንበሩ ፊት ለፊት ያለውን የዕቃ ኪስ ነቅሎ እጁን ሰደደና አንድ ፊልትሮ አወጣ። አየሩን የሚያጣራው እሱ ነው አለኝ። አዲስ ነው። ከፋብሪካ እንደወጣ በላስቲክ እንደተጠቀለለ ነው፣ ላስቲኩ ላይ ደግሞ በጥቁር እስክሪብቶ «ተቀየረ፣ ጥር 9። ኦዱሮ» የሚል ጽሑፍ አለ።

ሳርፖንግ ሳቀ፣ እያሳለው ሳቀ። «ማነው ይህን ያደረገው?»

ክው አልኩ። ማን ይሆናል? ባሌ ነዋ! አዲስ ነገር ገዝቶ ላስቲኩን አንስቶ የማያውቅ ሰው! አሥራ አንድ ዓመት ላስቲክ የለበሰ ሶፋ ላይ ተቀምጠን፣ ጭናችን እየተጣበቀ ቴሌቪዥን አይተናል። «አቧራ እንዳይገባበት ነው ዱፊዬ» ይለኝ ነበር። ፊልትሮ ላይም አቧራ እንዳይገባ! ጥር ላይ ቀየረው፣ መጋቢት ላይ ሞተ። በመካከሉ ታሞ ስለነበር ኤሲ ማን አስታውሶ።

ሳርፖንግ ላስቲኩን አውጥቶ ፊልትሮውን ሲመልሰው ቅዝቃዜው ፊቴ ላይ ዱብ አለ። ሃምሳ ሲዲ ብቻ ተቀበለኝ። ላስቲኩን ሊጥለው ሲል እጁን ያዝኩት። የባሌ ጽሑፍ አለበት፣ እንዴት ይጣላል? አጣጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

አርብ ከሰዓት አንትዊ ቤቴ መጣ። «እትዬ፣ ኤሲው እንዴት ሆነ?»

ሠርቷል ልለው አፌን ስከፍት ቀደመኝ። «ከተሠራማ ነገ ቁልፉን እቀበልሻለሁ። ሰው በስልክ የሚጠራው ታክሲ ላይ ላስመዘግባት ነው። ኤሲ ከሌላት አይመዘግቡኝም፣ ኤሲ ካላት ግን ወርቅ ናት! ናናም እሺ ይሉኛል።»

አፌን መልሼ ዘጋሁት። ይኼ ሁሉ ሩጫዬ ለማን ኖሯል? በገዛ እጄ መኪናዬን አሣምሬ ላስረክበው ነው እንዴ? እሱ ከሄደ በኋላ ነገሩን አሰላሁት። ብትሠራ ይወስዳታል። ባትሠራ «ገደለቻት» ይላል። የቱ እንደሚሻል እንኳን መለየት አቃተኝ። መጨረሻ ላይ «የፈለገውን ይበል፣ መኪናዬ ግን ትቅርልኝ» ብዬ ተነሣሁና የዕቃ ኪሱን ሳርፖንግ እንዳደረገው ነቀልኩት። ፊልትሮውን የኦዱሮ ላስቲክ ውስጥ መልሼ ከትቼ ዘጋሁት።

ቅዳሜ ናና ባዱ ከፊት ተቀመጡ፣ አንትዊ ሱፉን ለብሶ ከኋላ። የበክዋይ መንገድ እየተሠራ ስለሆነ ቀዩ አቧራ ነጩን ልብስ እንዳያበላሸው መስኮት መክፈት አይቻልም። ማራገቢያው ይጮኻል፣ ነፋስ የለም። አንትዊ መጀመሪያ ኮቱን፣ ቀጥሎ ክራቫቱን አወለቀ። «እትዬ፣ ልትጋግሪን ነው እንዴ!» አለ። የናና ላብ ግን ከግንባራቸው እስከ አንገታቸው ይወርድ ነበር። ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው። ምን ዓይነት ሴት ነኝ? ሁለት ጊዜ መኪናዋን ላቆም አስቤ ሁለቴም ነዳሁ።

ከጸሎቱ በኋላ ቤተሰቡ ግቢ ውስጥ ተሰበሰበ። ናና አንትዊን «መኪናዋን ትፈልጋታለህ?» አሉት።

«ይቺን ምድጃ? ኧረ ናና! ኩባንያው ለማሠሪያ ብቻ ሃያ ሺህ ሊሞላ ምንም ያልቀረው ሲዲ ጠይቋታል አሉ። ለእትዬ ትሁን፣ ዳቦዋን ትጋግርባት» ብሎ ሰውን ሁሉ አሣቀ።

ናና አልሳቁም። ብርጭቆውን አንስተው የአባቶችን ስም ጠሩና መጠጡን መሬት ላይ አፈሰሱ። መጠጥ ከፈሰሰ በኋላ የተባለውን የሚሽር ሰው እኛ ዘንድ የለም። መኪናዋ የእኔ ሆነች። ደስታው ግን አልመጣልኝም፤ የሽማግሌው ላብ ነበር ዓይኔ ላይ ያለው።

ስንመለስ ናና «አንትዊ በሌላ መኪና ይምጣ» ብለው ብቻቸውን ገቡ። ቁልፉን ላዞር ስል እጄን ያዙኝ።

«በይ አሁን ያንን የደፈንሽውን ነገር ክፈቺው።»

«ምኑን ናና?»

«ሠላሳ ዓመት ግንድ የሚጭን መኪና ነድቻለሁ። እንዲህ የሚጮኽ ማራገቢያ ነፋስ የሚያጣው አንድ ሰው ሲደፍነው ነው። ቶሎ በይ፣ ደክሞኛል።»

እፍረቴ መሬት ተከፍቶ ቢውጠኝ የሚያስመኝ ነበር። ተንበርክኬ የዕቃ ኪሱን ነቀልኩ፣ ላስቲኩን አወጣሁ። ናና ተቀብለውኝ የኦዱሮን ጽሑፍ ከዓይናቸው አርቀው አነበቡት።

«ናና» አልኳቸው እያለቀስኩ፣ «እሱ ነው መጀመሪያ እንዲህ ያደረገው። ከትናንት ጀምሮ ግራ ገብቶኛል። ረስቶት ነው ወይስ ዘመዶቹን ስለሚያውቅ አስቦልኝ ነው?»

ፊልትሮውን ያለ ላስቲኩ መልሼ ሞተሩን አስነሳሁ። ቀዝቃዛው ነፋስ የረጠበ ልብሳቸውን ሲያርገበግበው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ኦዱሮ?» አሉ። «የሰርጉን ጫማ እንኳን ከነላስቲኩ ሊያደርግ ሲል ያስቆምኩት እኔ ነኝ። እሱ ምንም አላሰበም። ያሰብሽው አንቺ ነሽ። በይ ንጂ።»