ባለ ሦስት እግሩ ሽመላ

ሪቫ ሽታይንቦክን ያወቅኋት በማኅበራችን በኩል ነው። ሜልበርን ከተማ፣ ኤልስተርንዊክ ሠፈር ውስጥ፣ ከምኩራቡ ጀርባ ባለው አዳራሽ፣ ገና ብቅ ብቅ ለሚሉ አይሁድ ሠዓልያን ቦታና ቀለም እንሰጣለን፤ እነሱም የዘር ሐረጋቸውን እየፈለጉ ይሥላሉ። እኔ ሸክላ ሠሪ ነኝ፤ እዚያ ሥራዬ ማማከር ነው። ሻይ ማፍላትም አለበት።

ሌሎቹ ልጆች ምን እንደሚሥሉ ግራ ሲገባቸው ሪቫ ከመጀመሪያው ሳምንት ታውቅ ነበር። ከአያቷ ከገንያ ቤት አንዲት የሰንበት ዳቦ መሸፈኛ ይዛ መጣች። ነጭ በፍታ ሆኖ መካከሉ ላይ ሽመላ ተጠልፎበታል። ሽመላው ሦስት እግር አለው።

«የቡባ፣ የአያቴ፣ እናት ፖላንድ ሳሉ የጠለፉት ነው» አለችኝ። «ከዚያ ቤት የተረፈው ይኼ ብቻ ነው።»

«ሦስተኛው እግር ምን ያደርግለታል?»

«ለመሸሽ ይሆናላ።»

ያንን ሽመላ ከቁመቷ በሚበልጡ ሸራዎች ላይ እያከታተለች ሣለችው፤ ጣሪያ ለጣሪያ ሲሮጥ፣ ባሕር ሲሻገር። የዐውደ ርዕዩ ቀን ጨርቁን በመስታወት ሣጥን አድርጋ ከሥዕሎቹ ፊት አስቀመጠችው። ከሥሩ «የቅድመ አያቴ እጅ» ብላ ጻፈች።

ከሰዓት በኋላ አንድ ሽማግሌ ገቡና ሣጥኑ አጠገብ ቆመው ቀሩ። ሊፓ ዞንሻይን ይባላሉ፤ ካርኔጊ ሠፈር የሚኖሩ፣ ሚስታቸው የሞቱባቸው ጡረተኛ።

«ይኼን ማን ነው የጠለፈው?» ሲሉ ጠየቁ።

«ቅድመ አያቴ» አለች ሪቫ።

«እናቴ ናት፣ ልጄ። ከጦርነቱ በኋላ፣ ጀርመን አገር፣ የስደተኞች ካምፕ ውስጥ ሆነን። ክርኗን ገፋሁባትና መርፌው ሳተ። በጥፊ አጮለችኝ። ፈትታ እንዳትሠራው ክር አልነበራትም፤ እግር አደረገችው።»

ሪቫ ዞር ብላ አየችኝ። እኔ የያዝኩትን ብርጭቆ አየሁ።

«ምናልባት ተሳስተው እንዳይሆን?» አለቻቸው ቀስ ብላ።

«ይሆናል። ትንሽ ልጅ ነበርኩ። ጥፊውን ግን አልተሳሳትኩም።»

ጨርቁ ይመለስልኝ አላሉም። ቢሉ ይሻል ነበር። ኮፍያቸውን አውልቀው በር አጠገብ ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ አዳራሹ እስኪዘጋ ድረስ አልተነሡም።

በማግሥቱ ከሪቫ ጋር ገንያ ቤት ሄድን። ገንያ ወጥ ቤት ተቀምጣ እንቁላል ትልጣለች።

«ቡባ፣ ዞንሻይን የሚባሉ ሰዎች ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም።» እንቁላሉን ልጣ ጨረሰችና ሌላ አነሣች። «ሴትዮዋ ታንኮራፋ ነበር። ካምፑ ውስጥ ለሁለት ቤተሰብ አንድ ክፍል ነበር የሰጡን።»

«ታዲያ ጨርቁን የጠለፈችው ማን ናት? እናትሽ ናቸው?»

«እናቴ? እናቴ ቁልፍ መትከል አታውቅም።»

ሪቫ ወንበር ስባ ተቀመጠች። «እኮ እንዴት እኛ ቤት ገባ?»

«ሰጥታን ይሆናል። በጫማ ለውጠንም ይሆናል። መርከብ ሲያገኙ በጥድፊያ ረስተውትም ይሆናል። እኔ ምኑን ላስታውስ?»

«ከፖላንድ የመጣ ነው ብለሽ ነው እኮ ያሳደግሽን።»

«አባትሽ ልጅ ሆኖ ‹ከቤታችሁ ምን አመጣችሁ› እያለ ይነዘንዘኝ ነበር። ምንም አላመጣንም ልበለው? ብዪ ይልቅ፣ እንቁላል ብዪ።»

መኪናው ውስጥ ሪቫ ቁልፉን ይዛ ሞተሩን ሳታስነሣ ቆየች። «ዓመቱን ሙሉ የማንን እጅ ነው ስሥል የከረምኩት?»

«እንጃ።»

«አንቺ አማካሪዬ አይደለሽ?»

ነኝ። ግን ምን ልበላት? ሥዕሎቹን አታውርጂ አልኳት። ሲነጋ ደውዬ አውርጂ አልኳት። ከምሳ በኋላ ደግሞ ሐሳቤን ለወጥኩ።

«ሔንያ፣ ምክርሽ እንደ ሜልበርን አየር ሆነ» አለችኝ። «እኔ ጃንጥላ ልያዝ ወይስ የፀሐይ መነጽር?»

በመጨረሻ ጽሑፉን ብቻ አነሣች፤ ሥዕሎቹ ያለ ስም ቆዩ። ዐውደ ርዕዩ ሲያልቅ ጨርቁን አጣጥፋ ሊፓ ቤት ወሰደችው። አልቀበልም አሉ። «ክፍሉን የተጋራችን አያትሽ በሕይወት ካለች ግን ልያት» አሏት። ስለዚህ ይዛቸው ወደ ገንያ መጣች፤ እኔንም ጠራችኝ።

ገንያ በሩን ከፍታ አተኩራ አየቻቸው። «ያ አልቃሻ አንተ ነህ?»

«ያቺ ሌሊቱን የምትዘፍነው አንቺ ነሽ?»

«ዘፍኜ አላውቅም።»

ገና ሳይቀመጡ ጭቅጭቁ ተጀመረ። ጨርቁ ጠረጴዛው ላይ ተዘረጋ። ገንያ ጣቷን ሽመላው ላይ አድርጋ «ይኼ እኮ እግር አይደለም፣ ሸምበቆ ነው» አለች።

«ጥፊ የበላሁበትን እግር ሸምበቆ ትይኛለሽ?»

«እንግዲያው ያንተ ነው፣ ውሰደው።»

«ምን ላደርግበት? ብቻዬን ነኝ፤ ዳቦ በቁራጭ ነው የምገዛው።»

ጨርቁን ከአንዱ ወደ ሌላው ሲገፋፉት ሪቫ ቆማ ታያቸው ነበር። ልትሥላቸው ወረቀት ይዛ ነበር፤ ከቦርሳዋ አላወጣችውም። ሊፓ ሊወጡ ሲሉ ገንያ፣ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ፣ «ዓርብ ና፤ ሙሉ ዳቦ አለ» አለቻቸው።

ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ ይመጣሉ። ሁለቱ ግን ተስማምተው አያውቁም። ካምፑ ክፍል ውስጥ ሁለቱን ቤተሰብ የጋረደው ብርድ ልብስ ለእሳቸው ግራጫ ነበር፤ ለገንያ ቡናማ። ሪቫ አሁን ያንን ብርድ ልብስ ለመሣል ተነሥታለች። ግራጫም ሞከረች፣ ቡናማም ሞከረች፤ ሁለቱን ደባልቃም አሳየቻቸው።

«ሁለቱም ‹ይኼ አይደለም› አሉኝ» ብላ ትናንት ደወለችልኝ። የከፋት ትመስላለች፤ የምትስቅም ትመስላለች። «ልቀጥል ወይስ ልተው?»

ዓርብ አብሬሽ ልምጣና እንይ አልኳት።