ወደኋላ ያልኩበት ጥሩምባ

እና ተውኔቱ ላይ እኔን ሆኗል የሚሉት ይሄንን ነው፣ ይሄን ጡንቻውን ቅባት የተቀባ ሎጋ፣ መድረኩ ጫፍ ላይ ቆሞ ጥሩምባውን ወደ ጣሪያው ቀስሮ፣ ጉንጩ እንኳ አልተነፋም፣ ድምፁ የሚወጣው ከግድግዳው ድምፅ ማጉያ ነው፣ ወደፊት፣ ወደፊት ይላል ጥሩምባው፣ አዳራሹ በጭብጨባ ይናጣል። እኔ በሕይወቴ እንደዚህ አምሬ አላውቅም። ያኔ ከሲታ ነበርኩ፣ ጫማዬ በገመድ የታሰረ፣ ሱሪዬ የሟች፣ ጥሩምባ ላይ ግን አልታማም፣ ከኔ በፊትም ከኔ በኋላም እንደኔ የነፋ የለም፣ አለ የሚል ካለ ይምጣ።

አባዬ፣ እያየህ ነው፣ ትላለች ልጄ ጆሮዬ ሥር፣ እጄን ጨብጣዋለች። እያየሁ ነው እንጂ። ግን እኔ የነፋሁት ወደፊት አይደለም። ወደኋላ ነው። ማፈግፈግ። እሷም ታውቃለች፣ የተውኔቱ አዘጋጅም ያውቃል፣ መቅረጫውን ይዞ ቤቴ መጥቶ ምንም ሳላስቀር ነግሬዋለሁ፣ ሻለቃው እንደወደቀ፣ ምክትሉ ጉድጓድ ውስጥ ተቀምጦ ወደፊት ንፋ እያለ እንደጮኸብኝ፣ መትረየሱ ከላይ ሲያጭደን፣ እኔ ጥሩምባውን አፌ ላይ አድርጌ ሽቅብ የሚወጡትን ልጆች ጀርባ እያየሁ፣ እና ማንም ሳያዘኝ ወደኋላ እንደነፋሁ። ራሱን ነቀነቀ፣ ሻዩን ጨለጠ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ አባት፣ ተመልካች ወደኋላ የሚሄድ ጀግና አይገባውም አለኝ። ሳቅኩ። ኮረብታው ላይ እኮ ተመልካች አልነበረም።

ስለ ምን ተዋጋችሁ ቢሉኝ ስለ ኮረብታው ነው፣ ፍየል እንኳ ቀና ብላ የማታየው መላጣ ኮረብታ፣ በሬዲዮ የአገር እምብርት ተባለ፣ ሬዲዮ ምን አለበት፣ ሁለት መንግሥት ተቆጣ፣ ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ ነው ይባል የለ፣ ሣሩ እኛ ነበርን። በኋላ ታረቁ፣ ኮረብታውንም ረሱት።

መድረኩ ላይ አሁን ሁሉም እየወደቁ ነው፣ በሙዚቃ፣ አንዱም ንግግር ሳያደርግ አይሞትም፣ ወይ ጉድ፣ እኔ ያየሁት ሟች እናቴ ለማለት እንኳ ጊዜ አላገኘም። አንድም ወደኋላ ያለ የለም፣ ሁሉም በክብር ወደቁ፣ ይላል ተራኪው፣ በክብር ወደቀ የተባለው ቀጮ ግን ከፊታችን ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ያስላል፣ መትረየስ ተሸካሚያችን ቀጮ፣ አሁን ክራንች የሚሸከመው፣ አጠገቡም ሌሎች ሁለት ሽማግሌዎች፣ ጥሩምባዬን ሰምተው የወረዱ፣ ወርደው ያገቡ፣ የወለዱ፣ የልጅ ልጅ ያቀፉ። የጋበዝኳቸው እኔ ነኝ። እኮራባቸዋለሁ፣ ማዕረጌን ገፈው ሰልፍ ፊት አቁመው ፈሪ ሲሉኝም እኮራ ነበር፣ እስር ቤትም እየኮራሁ ነው የተኛሁት፣ ቁንጫው ሳይቀር ያውቃል።

ፈሪ የሚለውን የተሸከመችው ግን ልጄ ናት። ትምህርት ቤት የፈሪ ልጅ፣ ቧንቧ ወረፋ ላይ የፈሪ ልጅ፣ ለትዳር ስትጠየቅ አማቷ የማን ዘር ናት ብሎ አንገራግሯል፣ አንድ ቀን እንኳ አባዬ ለምን ብላኝ አታውቅም። ዛሬ ጠዋት ብቻ፣ ከረባቴን እያሰረችልኝ፣ ሲጠሩህ እጅ ነስተህ ተቀመጥ አባዬ፣ ዛሬ እንኳ፣ አንድ ቀን የጀግና ልጅ ልሁን አለችኝ። እሺ አልኳት። እሺ ማለት ምን ችግር አለው።

መብራቱ በራ። ክቡራትና ክቡራን፣ ይላል አዘጋጁ፣ የጽናት ተምሳሌት፣ ሕያው ታሪክ፣ ምን ያካብዳል ይሄ ልጅ፣ ዛሬ በመካከላችን ይገኛሉ፣ ሰዉ ይነሳል፣ ልጄ ክንዴን ይዛ ታነሳኛለች፣ ፊቷ እንዲህ በርቶ አይቼው አላውቅም፣ ደረጃውን እወጣለሁ። ሎጋው ጥሩምባውን በሁለት እጁ ያቀብለኛል፣ ይመርቁኝ አባባ፣ ጨዋ ነው፣ ጥፋቱ የሱ አይደለም። እጅ ነስተህ ተቀመጥ። እጅ እነሳለሁ። ያጨበጭባሉ፣ አንድም ወደኋላ ያለ የለም ብለው ያጨበጭባሉ፣ እነዚያን ሦስቱን የሉም እያሏቸው ነው፣ ልጆቻቸውን የሉም እያሉ ነው፣ እሷንም ጭምር፣ እኔም እኮ ከዚያ ወርጄ ነው የወለድኳት፣ ወደፊት ነፍቼ ቢሆን ኖሮ የጀግና ልጅ ልሁን የምትል ልጅ ከየት ትመጣ ነበር።

ይቅር በይኝ ልጄ።

የላይኛው ጥርሴ የሐኪም ሥራ ነው፣ በከንፈሬ ጨቁኜ እይዘዋለሁ፣ እነፋለሁ፣ የታመመች ፍየል ድምፅ ይወጣል፣ ፊት ያሉት ይስቃሉ፣ ይሳቁ፣ ከንፈሬን ልሼ እንደገና፣ ወጣ፣ ራሱ ወደኋላው ነው፣ ከላይ ተነስቶ እየወረደ የሚረዝመው፣ ሰዉ ይቀመጣል፣ አዘጋጁ አፉን ከፍቶ ቀርቷል፣ ጥሩምባው የሚለው የገባው ሦስት ሰው ብቻ ነው።

ቀጮ ብድግ ይላል። ክራንቹ ላይ ተንጠልጥሎ፣ ሁለቱም ይከተሉታል፣ ጀርባቸውን ለመድረኩ ሰጥተው፣ ልክ እንደዚያን ቀን አንገታቸውን ቀብረው፣ በወንበሮቹ መሐል ወደ በሩ ይሄዳሉ፣ ሰዉ የተውኔቱ ክፍል መስሎት ያጨበጭባል፣ ልጄ አታጨበጭብም፣ አንድ በአንድ ታያቸዋለች። ቀጮ አጠገቧ ሲደርስ ይቆማል፣ ባርኔጣውን አውልቆ እጅ ይነሳታል፣ የሆነ ነገር ይላታል፣ ከዚህ አይሰማኝም፣ ረጅም ነገር አይደለም፣ ትነሳለች፣ ወደኔ ዞራ ሳታይ ክንዱን ትይዛለች፣ አብራቸው ትሄዳለች፣ ወደኋላ፣ እሰይ ልጄ፣ ወደኋላ፣ ገና ትንፋሽ አለኝ፣