ተገልብጦ የመጣው የወተት መኪና

ኦሪን ፔልኪ ሰማንያ አንድ ዓመቱ ነው። ቬርሞንት ውስጥ፣ ቁልቁለቱ በሚጠመዘዝበት ቦታ ባለው ቤቱ ብቻውን ይኖራል። ከግቢው ሲወጣ በግራ በኩል ያለውን መንገድ ጥድ ስለሚከልለው፣ ማዶ ካለው ዛፍ ላይ መስታወት ተሰቅሏል። የፒክአፑ ቁልፍ ከወጥ ቤቱ በር አጠገብ ሚስማር ላይ ተንጠልጥሏል። እስከ ሐሙስ ድረስ ያንን ቁልፍ ልውሰድ ያለ ሰው አልነበረም።

ሐሙስ ጠዋት ለልጁ ለሎይስ ደወለ። ስለ በረዶው፣ ስለ ጉልበቱ አወራና ሊዘጋ ሲል፣ "መኪኖቹ ተገልብጠው የሚመጡት ነገር ግን አልገባኝም" አላት።

"ምን?"

"ተገልብጠው ነዋ። የወተቱ መኪና እንኳ ጎማው ወደ ሰማይ ነው።"

ሎይስ ነርስ ናት። ከሽማግሌ አፍ እንዲህ ያለ ነገር ሲወጣ ምን ማለት ሊሆን እንደሚችል ታውቃለች። ቅዳሜ ወደ አባቷ ስትነዳ ቁልፉን ይዛ ለመመለስ ቆርጣ ነበር። እዚያ ተራራ ላይ ሰው ያለ መኪና መኖር እንደማይችልም ታውቃለች፤ ቁልፉን መውሰድ ቤቱን መውሰድ ነው።

ገና ኮቷን ሳታወልቅ፣ "ዓይንሽ ሚስማሩ ላይ ነው" አላት ኦሪን።

"አባዬ፣ ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው?"

"ልጄ ልትፈትነኝ የመጣችበት ቅዳሜ። በይ ነይ፣ ላሳይሽ።"

ፒክአፑን ግቢው አፍ ላይ አቁሞ በሹፌሩ ወንበር አስቀመጣት። ማዶ ያለው መስታወት ክብ፣ ትንሽ ነው። ውስጡ ሰማዩ ከታች፣ መንገዱ ከላይ ነበር። ጥቂት እንደቆዩ የወተቱ መኪና ጎማውን ሽቅብ አንስቶ በመስታወቱ ብቅ አለ። የሚመጣው ከቀኝ መሰላት፤ በግራዋ በኩል መጥቶ እያጓራ አለፈ።

ሎይስ ወርዳ መንገዱን ተሻገረችና ፊቷን ወደ መስታወቱ አስጠጋች። አፍንጫዋ ድንች አከለ።

"ይሄ እኮ የእማዬ የቅንድብ መስታወት ነው!"

"ታዲያስ! የድሮው መስታወት መኪናውን ሁሉ ቁንጫ ያሳክለዋል። የእናትሽ ግን አንዷን ፀጉር ገመድ ነበር የሚያሳክላት። መኪናውንም ያተልቅልኛል ብዬ ነዋ የቀየርኩት።"

ሎይስ ዓይኗን ከመስታወቱ ሳትነቅል ወደ ኋላ ሄደች። ፊቷ እያደገ መጣ፤ አራት ጫማ ያህል ስትርቅ ደብዝዞ መስታወቱን ሞላው፤ ትንሽ ስታልፍ ትንሽዬ ሎይስ በጭንቅላቷ ቆመች። መስታወቱ እንደ ሳህን ጎድጓዳ ነው። የቀረበውን ያተልቃል፤ ከሩቅ የሚመጣውን ብርሃን ግን ሰብስቦ ፊት ለፊቱ ያጠላልፈዋል፤ የላዩ ወደ ታች፣ የቀኙ ወደ ግራ ይዞራል። ትምህርት ቤት በማንኪያ አይታው ነበር። እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች፤ እንባው ግን ሁሉም የሳቅ አልነበረም።

"ምን ያስቅሻል?"

"አላበድክም።"

"እኔ መቼ አበድኩ አልኩ? ያበደው መስታወቱ ነው።"

የድሮውን ጉብ ያለ መስታወት ከጎተራው አውጥተው መልሰው ሰቀሉት። አሁን ሁሉም ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ግን ትንሽ ሆነ። ቀይ መኪና ታየ።

"ገና ሩቅ ነው" አለ ኦሪን።

"አዎ፣ ሩቅ..." ሎይስ ሳትጨርስ መኪናው አጠገባቸው ሽው ብሎ አለፈ። ሩቅ አልነበረም፤ ትንሽ ነበር እንጂ። እሷም እንደ አባቷ ተታለለች።

ስለዚህ በዓይኗ መገመቱን ትታ ሰዓቷን አወጣች። ከሁሉ ፈጣኑ መኪና በመስታወቱ ከታየ በኋላ ግቢው አፍ እስኪደርስ አምስት ሰከንድ ፈጀ። ኦሪን ፒክአፑን ከግቢው አውጥቶ መስመሩን እስኪይዝ ሰባት ሰከንድ ፈጀበት።

ከዚያ ኦሪን ቁልፉን ከመኪናው ነቅሎ ዘረጋላት። "ሁለት ሰከንድ ይጎድለኛል፤ ሰው አልገድልም" አላት።

ሎይስ ቁልፉን አልተቀበለችም። "መሰላሉ የት ነው?" አለች።

መስታወቱን ከዛፉ አንስተው፣ ከመንገዱ ማዶ ወደ መታጠፊያው ጠጋ ብሎ ወዳለው የስልክ እንጨት አዛወሩት። ከዚያ ላይ ሽቅብ ያለው ቀጥታ መንገድ ሁሉ ይታያል።

"አሁንስ መኪኖቹ ቁንጫም አያክሉ" አለ ኦሪን።

"ትልቅ ነው ትንሽ ነው አትበል። አንድ ነገር ከታየህ አትወጣም፤ ባዶ ከሆነ ትወጣለህ።"

የእናቷን መስታወት ወልውላ መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ በቦታው ሰቀለችው። ከዚያ ወጥታ እስኪመሽ ከአባቷ ጋር መንገዱ ዳር ተቀመጠች። ካለፉት መኪኖች ሁሉ ፈጣኑ፣ ከታየበት ቅጽበት ግቢው አፍ እስኪደርስ፣ ዘጠኝ ሰከንድ ፈጀ።